ሳያውቅ የሚያሰላው ሊቅ

ከመገናኛ አደባባይ ተነሥቶ በላምበረትና በኮተቤ በኩል ወደ ምሥራቅ የሚዘረጋው፣ በሰሜን ወገኑም በባሕር ዛፍ የተሸፈነውን የእንጦጦን ሰንሰለት ተንተርሶ የተቀመጠው የየካ ምድር፣ ከአለት የተፈለፈለው ዋሻ ሚካኤል ስለሚገኝበት ለጥንታዊነቱ፣ የከተማው ባቡር ስለሚያቋርጠው ደግሞ ለዘመናዊነቱ ምስክር አያጣም። በዚህ ምድር ሁለት የስሌት ጥበቦች ጎረቤት ሆነው ይኖራሉ። አንደኛው በአብያተ ክርስቲያናቱ ዐጸድ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር ሲተላለፍ የኖረው፣ በዓላትንና አጽዋማትን የሚያወጣው ባሕረ ሐሳብ ነው። ሁለተኛው በእንጦጦ ራስ ላይ ካለው የከዋክብት መመልከቻ ጀምሮ እስከ ሾላ ገበያ ነጋዴ የእጅ ስልክ ድረስ ያልገባበት ቦታ የሌለው ኮምፒዩተር ነው።

ብዙ ሰው የፊተኛውን የሊቃውንት፣ የኋለኛውን የባዕዳን አድርጎ ይለያቸዋል። ኮምፒዩተርንም አንዱ የማይሳሳት መስሎት ያለ ጥያቄ ይቀበለዋል፤ ሌላው ሥራውንና እንጀራውን ሊነጥቀው የመጣ መስሎት ይፈራዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አክብሮቱንም ፍርሃቱንም ወደ ልኩ መመለስ ነው፤ ይኸውም የማሽኑን ውስጥ ገልጦ በማሳየት፣ ኮምፒዩተር የሚያሰላ እንጂ የሚያውቅ አለመሆኑን፣ ዕውቀቱም ኃላፊነቱም ደንቡን በሚደነግገውና ቁጥሩን በሚያቀብለው ሰው ዘንድ መኖሩን ማስረዳት ነው።

ሰማይን ሳያዩ መቍጠር

ትውፊቱ ለእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ለድሜጥሮስ የሚሰጠውን ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሰው፣ የፋሲካን ቀን ሊያወጣ ሲነሣ ቀና ብሎ ጨረቃን አይመለከትም፤ ተቀምጦ ይቈጥራል። የ2017 ዓመተ ምሕረትን ትንሣኤ ለማግኘት አስቀድሞ በ2017 ላይ 5500 ይደምርና 7517 ዓመተ ዓለም ይላል። ይህን ለ19 ሲያካፍለው 12 ይተርፈዋል፤ ይህም መደብ ይባላል። ከመደቡ አንዱን ለዘመኑ ሲተው 11 ይቀረዋል፤ ይህም ወንበር ነው። ወንበሩን በ11 አባዝቶ በ30 ሲገድፈው፣ ማለትም 30ውን እየደጋገመ ሲቀንስለት፣ 1 ይተርፋል፤ አበቅቴ ነው። ያንኑ ወንበር በ19 አባዝቶ በ30 ሲገድፈው 29 ይተርፋል፤ መጥቅዕ ነው።

ከዚህ በኋላ ሥርዓቱ አንድ ጥያቄ ያቀርባል። መጥቅዑ ከ14 ከበለጠ በዓለ መጥቅዕ በመስከረም ይውላል፤ ካነሰ በጥቅምት ይውላል። 29 ከ14 ስለሚበልጥ የ2017 በዓለ መጥቅዕ መስከረም 29 ሆነ። ያ ቀን ረቡዕ ነበርና የረቡዕን ተውሳክ፣ ማለትም ለዕለቱ የተመደበውን ተጨማሪ ቁጥር 4ን ሲጨምርበት 33 ይመጣል፤ 30ው ሲገደፍ 3 ይቀራል፤ ድምሩ 30ን በማለፉ ወሩ ከጥር ወደ የካቲት ስለሚሻገር፣ ጾመ ነነዌ የካቲት 3 ቀን ገባ ማለት ነው። ከዚያ 69 ቀን ወደ ፊት ሲቈጠር ሚያዝያ 12 ላይ ይደረሳል፤ የ2017 ትንሣኤም በእርግጥ በዚሁ ቀን ተከብሯል።

ይህን ስሌት በዝርዝር ማቅረቤ ያለ ምክንያት አይደለም፤ የኮምፒዩተር ፕሮግራም የሚባለው ነገር ምን እንደሆነ ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ በአገራችን ባለመኖሩ ነው። በመጀመሪያ ከውጭ የሚገባ ቁጥር አለ፤ እርሱም ዓመቱ ነው። ቀጥሎ አንዱ ከሌላው ሳይቀድምና ሳይዘገይ በተራ የሚፈጸሙ ትእዛዛት አሉ። በመካከል፣ እንዲህ ቢሆን በዚህ ሂድ፣ ባይሆን በዚያ ሂድ የሚል መንታ መንገድ አለ። መደቡንና ወንበሩን እስኪያስፈልጉ ድረስ ይዞ የሚያቆይ ትውስታ አለ። በመጨረሻም ወደ ውጭ የሚወጣ መልስ አለ፤ እርሱም ቀኑ ነው። በዓለም ላይ ያሉ ፕሮግራሞች ሁሉ፣ አውሮፕላን የሚመራውም ሆነ የትምህርት ቤት ውጤት የሚደምረው፣ ከእነዚህ አምስት ነገሮች የተገነቡ ናቸው፤ ልዩነታቸው በብዛትና በፍጥነት ብቻ ነው።

ከሁሉ በላይ ልብ ሊባል የሚገባው ሌላ ነው። ባሕረ ሐሳብን የደረሱት ሊቃውንት 19ኙን ቁጥር የመረጡት፣ በ19 ዓመት ውስጥ 235 የጨረቃ ወራት እንደሚፈጸሙና ፀሐይና ጨረቃ ወደ ቀድሞ ግንኙነታቸው እንደሚመለሱ ስላወቁ ነው። ነገር ግን ይህን ምሥጢር ፈጽሞ ያልሰማ ሕፃን፣ መደመርንና ማካፈልን ብቻ ከቻለ፣ ደረጃዎቹን ሳያዛባ ቢከተል ሊቁ ያገኘውን ቀን ያገኛል። ጥበቡ በሕጉ ውስጥ ተቀምጧልና የፈጻሚው መረዳት አያስፈልግም። ኮምፒዩተር እንዲህ ያለው ፈጻሚ ነው፤ ያለ ድካምና ያለ ስልቹነት ያሰላል፤ ስለ ፀሐይና ስለ ጨረቃ ግን የሚያውቀው የለም።

በሁለት አኃዝ የተሠራ ዓለም

ማሽኑ አኃዝ የሚጽፍበት ብራና የለውም፤ ያለው የኤሌክትሪክ ኃይል ነው። ኃይሉ በአንድ ሽቦ ላይ ወይ ይኖራል ወይ አይኖርም፤ ሲኖር 1፣ ሳይኖር 0 ብለን ብንሰይመው፣ ከሁለት ምልክቶች ብቻ ቁጥርን ሁሉ መሥራት እንችላለን። እኛ በተለመደው አቈጣጠር ወደ ግራ አንድ ቦታ በሄድን ቍጥር አኃዙ በዐሥር ይባዛል፤ በማሽኑ አቈጣጠር በሁለት ይባዛል። ስለዚህ የባሕረ ሐሳቡ 19 በማሽኑ ውስጥ 10011 ተብሎ ይቀመጣል፤ እርሱም አንድ 16፣ አንድ 2 እና አንድ 1 ማለት ነው። 30ው ደግሞ 11110 ይሆናል። አንዱ የ0 ወይም የ1 ቦታ ቢት ይባላል፤ ስምንቱ ቢት አንድ ባይት ይሆንና 256 ዓይነት ልዩ ልዩ ምልክት ሊይዝ ይችላል።

የኃይል መኖርና አለመኖር እንዴት ያሰላል ብሎ የሚጠይቅ ብልህ አንባቢ አይታጣም። ሁለት ማብሪያዎች በአንድ መስመር ላይ ተከታትለው ቢቀመጡ አምፖሉ የሚበራው ሁለቱም ሲበሩ ብቻ ነው፤ ጎን ለጎን ቢቀመጡ ግን ከሁለቱ አንዱ ይበቃል። የመጀመሪያው «ይህም ያም»፣ ሁለተኛው «ይህ ወይም ያ» የሚል የአመክንዮ ቃል በብረት ተጽፎ ነው ማለት ይቻላል። እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ጆርጅ ቡል እንዲህ ያሉ የአመክንዮ ቃላት እንደ ሒሳብ ሊሰሉ እንደሚችሉ በ1854 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ አስረድቶ ነበር፤ አሜሪካዊው ክሎድ ሻነን ደግሞ በ1937 እ.ኤ.አ. ገና ተማሪ ሳለ የቡልን ሒሳብ በኤሌክትሪክ ማብሪያዎች መፈጸም እንደሚቻል አሳየ። መደመር፣ መቀነስ፣ ማባዛት፣ ማካፈልና ማወዳደር ሁሉ እነዚህን ማብሪያዎች በልዩ ልዩ አኳኋን ከማያያዝ ይገኛሉ።

ቀድሞ ማብሪያዎቹ ግዙፋን ነበሩ። በ1946 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ለሕዝብ የታየው ኤንያክ የተባለው ማሽን 18,000 ያህል የመስታወት ቱቦዎች ነበሩት፤ ክብደቱ ወደ 30 ቶን ይደርስ ነበር፤ ቱቦዎቹም እየተቃጠሉ ዘወትር ይለወጡ ነበር። በ1947 እ.ኤ.አ. በቤል ቤተ ሙከራ የተፈለሰፈው ትራንዚስተር ግን በቀላሉ የማይሰበርና እንደ ቱቦው የማይግል ከመሆኑ በላይ እጅግ ሊያንስ የሚችል ማብሪያ ስለ ነበር፣ እያነሰ እያነሰ ሄዶ ዛሬ በእጅ ስልክ ውስጥ ባለ ከጥፍር በማይበልጥ ቺፕ ላይ በቢሊዮን የሚቈጠሩ ትራንዚስተሮች ተሰድረው ይገኛሉ። የቺፑ የልብ ትርታ በሰከንድ ከቢሊዮን ጊዜ በላይ ይመታል፤ በእያንዳንዱ ትርታ አንድ ትንሽ እርምጃ ይፈጸማል። የፋሲካው ስሌት ለሊቁ ጥቂት ደቂቃ የሚወስድ ሲሆን፣ ለዚህ ቺፕ የሺህ ዓመት ፋሲካ ማውጣት ዓይን እስኪርገበገብ ድረስ እንኳ አይቈይም።

የማሽኑ ክፍሎች አንድ ቁም ጸሐፊ ከሚሠራበት ሥርዓት ጋር ይመሳሰላሉ። ትእዛዝ የሚፈጽመው ፕሮሰሰር ራሱ ጸሐፊው ነው፤ ሜሞሪ የሚባለው በጉልበቱ ላይ ዘርግቶ የሚጽፍበት ብራና ነው፤ ዲስክ ደግሞ ያለቁት መጻሕፍት የሚቀመጡበት ዕቃ ቤት ነው። የጉልበቱ ብራና ቅርብና ፈጣን ነው፤ ነገር ግን ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ የተጻፈበት ሁሉ ይጠፋል። በኮተቤ ወይም በፈረንሳይ ለጋሲዮን መብራት በድንገት ሲጠፋ ያልተቀመጠ ጽሑፍ አብሮ የሚጠፋው ስለዚህ ነው፤ «ሴቭ» ማድረግ የሚባለውም ጽሑፉን ከጉልበት ላይ አንሥቶ ወደ ዕቃ ቤቱ ማስገባት ነው።

ፊደል እንዴት ቁጥር ይሆናል

ማሽኑ ከቁጥር በቀር ሌላ ነገር የማያስተናግድ ከሆነ፣ በእጅ ስልካችን የምንለዋወጠው የአማርኛ መልእክት እንዴት ተቻለ? መልሱ ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር መመደብ ነው። ቀድሞ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም የሚሠሩ ባለሙያዎች እያንዳንዳቸው በገዛ ራሳቸው ሠንጠረዥ ይመድቡ ነበርና፣ በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው የምልክት ክምር ሆኖ ይታይ ነበር። ይህ ችግር ሊወገድ የጀመረው የግእዝ ፊደላት የዓለም ጽሕፈቶችን ሁሉ በአንድ መዝገብ በሚያኖረው በዩኒኮድ ውስጥ በ1999 እ.ኤ.አ. ሲገቡ ነው።

በዚያ መዝገብ ሀ 4608ኛውን ቁጥር ይዛለች፤ ለ 4616ኛውን። እያንዳንዱ የፊደል ቤተ ሰብ ስምንት ቦታ ተሰጥቶታል፤ ሰባቱ ለግእዝ፣ ለካዕብ፣ ለሣልስና ለተከታዮቹ፣ ስምንተኛው ደግሞ ለዲቃላው ወይም ለባዶው ነው። ከ የምትገኘው በ4776 ስለሆነ፣ ራብዓይቱ ካ ሦስት ቦታ ወደ ፊት ተቈጥሮ በ4779 ትገኛለች። የ ደግሞ 4840 ናት። ስለዚህ በሾላ ያለ ሰው ለኮተቤ ዘመዱ «የካ» ብሎ ሲጽፍ፣ ስልኩ የሚያውቀው 4840 እና 4779 የሚሉ ሁለት ቁጥሮችን ነው፤ የፊተኛውም በሁለት አኃዝ ሲጻፍ 0001001011101000 ይሆናል። ማያው ላይ የሚታየው የፊደሉ መልክ፣ ለዚያ ቁጥር የተዘጋጀ ሥዕል ከመዝገብ ተነሥቶ የሚለጠፍ ነው። አባቶቻችን ፊደላቱን በሰባት ረድፍ ባያሰልፏቸው ኖሮ፣ በማሽኑ ውስጥ እንዲህ በሥርዓት መቀመጥ ባልቻሉም ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከ3,200 ሜትር ላይ

የኮምፒዩተርን ሥራ በግልጽ ለማየት እንጦጦን የሚመስል ቦታ በአገራችን ጥቂት ነው። በ1996 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ ባደረገው ጥረት፣ ከባሕር ወለል በላይ 3,200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የተሠራውና በ2007 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የከዋክብት መመልከቻ፣ መስታወታቸው 1 ሜትር ስፋት ያላቸውን 2 ቴሌስኮፖች ይዟል። ከእነዚህ አጠገብ ዓይኑን ለጥፎ የሚቀመጥ ተመልካች አይገኝም። ምድር በሰዓት 15 ዲግሪ ስለምትዞር፣ አንድ ኮከብ ከመስታወቱ ፊት እንዳይሸሽ ቴሌስኮፑ በዚያው ፍጥነት ወደ ተቃራኒው መዞር አለበት፤ ይህንንም ሰዓቱን፣ የቦታውን ኬክሮስና የኮከቡን ሰማያዊ አድራሻ ይዞ ያለማቋረጥ የሚያሰላው ኮምፒዩተር ነው። የብርሃናትን ጉዞና የዓመቱን አቈጣጠር የሚተርከው መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉ ሆኖ የተጠበቀው በግእዝ ቋንቋ ብቻ መሆኑን ለሚያስታውስ፣ ይህ ሥራ በእንጦጦ ላይ መሠራቱ እንግዳ ነገር አይሆንበትም።

በቴሌስኮፑ የተሰበሰበው ብርሃን የሚወርደው ጥቃቅን ጕድጓዶች ባሉት የሲሊኮን ገበታ ላይ ነው። ብርሃኑ በእያንዳንዱ ጕድጓድ ኤሌክትሮኖችን ያጠራቅማል፤ ማሽኑም ይቈጥራቸውና ለእያንዳንዱ ነጥብ አንድ ቁጥር ይመዘግባል። በ16 ቢት የሚመዘግብ ካሜራ ከፍጹም ጨለማ እስከ ብሩህ ብርሃን ድረስ 65,536 ደረጃዎችን መለየት ይችላል። የኮከብ ፎቶግራፍ የምንለው ይህን የቁጥር ሰሌዳ ነው፤ የስልካችን ካሜራም በዚሁ መንገድ ይሠራል።

በታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ገና ጎሕ ሳይቀድ፣ በዚህ በእንጦጦ መመልከቻ የተሰበሰቡ ሰዎች በቻይና አገር ከታይዩዋን የማምጠቂያ ጣቢያ የተነሣውን የኢትዮጵያን የመጀመሪያ ሳተላይት ጉዞ በቀጥታ ሥርጭት ተመለከቱ። ኢቲአርኤስኤስ-1 የተባለው ይህ ሳተላይት ሰባ ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን ሲሆን፣ የምድርን ገጽ በልዩ ልዩ የብርሃን ኅብር የሚያነሣ ካሜራ ነበረው፤ የመቈጣጠሪያና የመረጃ መቀበያ ጣቢያውም የተቋቋመው በእንጦጦ ነበር። በተከታዩ ዓመት፣ በታኅሣሥ 13 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ ሁለተኛው ሳተላይት ከወንቻንግ ተከተለው። ሳተላይት ማለት በጠፈር የሚሄድ፣ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ፣ የሚነካው ሰው የሌለ ኮምፒዩተር ነው። በዝቅተኛ ምሕዋር ላይ ያለው ምድርን በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ስለሚዞራት፣ ከአንድ ጣቢያ አድማስ በላይ የሚቈየው ቢበዛ ዐሥር ደቂቃ ያህል ነው፤ ትእዛዝ የሚሰጠውም ያነሣውን የሚቀበለውም ጣቢያ ይህችን አጭር ጊዜ አስቀድሞ አስልቶ መጠበቅ ግድ ይሆንበታል።

የሚወርደውም ሥዕል እንደ ገና ቁጥር ነው። የለመለመ ቅጠል ቀይ ብርሃንን ለምግብ ሥራው ይመጥጠዋል፤ ለዓይናችን የማይታየውን የቀይን ጎረቤት ብርሃን ግን በብዛት ያንጸባርቃል። ኮምፒዩተሩ በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ የሁለቱን ልዩነት ለድምራቸው ያካፍላል። ከአንድ ቦታ የማይታየው ብርሃን 50፣ ቀዩ 10 ቢመጣ ልዩነቱ 40፣ ድምሩ 60 ሆኖ 0.67 ይወጣል፤ ይህ ደን ነው ያሰኛል። ከሌላ ቦታ 30 እና 25 ቢመጣ 0.09 ብቻ ይወጣል፤ ይህ የተራቈተ መሬት ነው። እንዲህ ባለ ቀላል ማካፈል የእንጦጦን ደን መስፋትና መመናመን ከዓመት ዓመት መከታተል ይቻላል። ይሁን እንጂ ይህ ቁጥር ብቻውን ልምላሜን እንጂ የዛፉን ዓይነት አይናገርም። ያ ልምላሜ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከውጭ የመጣው ባሕር ዛፍ ይሁን ወይስ አገር በቀሉ ጽድና ወይራ፣ ተራራውን በእግሩ የወጣ፣ ዛፉን በዓይኑ ያየ ሰው ካልመሰከረ በቀር ማሽኑ አይለየውም።

ከጠፈር የሚመጣው የ0 እና የ1 ጅረት በመንገድ ላይ ሊበላሽ ስለሚችል፣ መሐንዲሶች ከመልእክቱ ጋር መመርመሪያ ይልካሉ። ከሁሉ ቀላሉ፣ በእያንዳንዱ የቢት ጭፍራ ውስጥ የ1ዎቹ ብዛት ሁልጊዜ ለሁለት እኩል የሚከፈል ቁጥር እንዲሆን አንድ ተጨማሪ ቢት ማከል ነው፤ ተቀባዩ ጎዶሎ ካገኘ መልእክቱ እንደ ተበላሸ ያውቃል። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንትም ይህን የመሰለ መመርመሪያ አላቸው፤ አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ ሁልጊዜ 30 መምጣት አለባቸው። በላይኛው ስሌታችን 1 እና 29 ተደምረው 30 መጡ፤ ባይመጡ ኖሮ ተማሪው ተሳስቷልና ከመጀመሪያው ይጀምር ነበር።

በሾላ ገበያና በመገናኛ

ከተራራው ወርደን ወደ ሰፈር ስንገባ ያው ጥበብ በሌላ ልብስ ይጠብቀናል። በመስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ከአያት በመገናኛ አድርጎ ወደ ጦር ኃይሎች ሲጓዝ፣ በባንክ በር ላይ ያለው ኤቲኤም ካርድ ሲቀበል፣ በብዙ ቤት ግድግዳ ላይ ያለው የቅድመ ክፍያ ቆጣሪ የተሞላለትን ሒሳብ ሲቀንስ፣ ሁሉም ውስጥ ትእዛዝ የሚፈጽም ቺፕ አለ። የባንክ ሰው ያልሆነ አንባቢም እንኳ ከኮምፒዩተር ጋር በየቀኑ የሚገናኝበት አንዱ መንገድ የገንዘብ ዝውውር ነው።

ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ፣ ሾላ ገበያ ላይ ሽንኩርትና ቅቤ የምትሸጥ እናት እንኳ «በቴሌብር ላስገባልዎት?» የሚል ጥያቄ መስማት ለምዳለች። ደንበኛዋ 500 ብር ልኮላት ስልኳ ድምፅ ሲያሰማ፣ ገንዘቡ በአየር የበረረ ይመስላል፤ ነገር ግን አንዲት ሳንቲም ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። የሆነው ይህ ነው፦ በማእከሉ ያለው ትልቅ ኮምፒዩተር የላኪውን ሒሳብ ተመልክቶ 500 ወይም ከዚያ በላይ መኖሩን ይጠይቃል፤ ከሌለ ሥራው በዚያው ያበቃል። ካለ ከላኪው 500 ይቀንሳል፤ በተቀባይዋም ላይ 500 ይጨምራል። በእነዚህ በሁለቱ እርምጃዎች መካከል መብራት ቢጠፋ ወይም መስመር ቢቋረጥ ከአንዱ ተቀንሶ ለሌላው ሳይደርስ እንዳይቀር፣ ሁለቱ አንድ ላይ ይፈጸሙ ወይም አንድ ላይ ይሻሩ የሚል የማይጣስ ሕግ ተደንግጓል። መልእክቱ የሚላከው መዝገቡ ከተስተካከለ በኋላ ነው።

ይህን የተረዳች ነጋዴ ከአንድ አደጋ ትድናለች። አታላዮች እውነተኛውን የሚመስል ሐሰተኛ መልእክት አዘጋጅተው «ይኸው ልኬልዎታለሁ፣ እማማ» እያሉ ዕቃ ይዘው እንደሚሄዱ በገበያው ሁሉ ይታወቃል። መልእክት ፊደል ብቻ ስለሆነ ማንም ሊጽፈው ይችላል፤ ገንዘቡ ያለው በመዝገቡ ውስጥ ነው። ስለዚህ መልእክቱን ትታ ቀሪ ሒሳቧን ራሷ ከፍታ ብታይ፣ የኮምፒዩተርን ምንነት ከብዙ ምሁር ይልቅ ተገንዝባዋለች ማለት ነው።

ሌላው በየቀኑ ሳናስተውለው የሚያልፈው የጊዜ ስሌት ነው። ባሕረ ሐሳብ ዓመተ ዓለምን ከዓለም ፍጥረት አንሥቶ እንደሚቈጥር፣ ኮምፒዩተሮችም የሚቈጥሩበት መነሻ ያስፈልጋቸዋል፤ አብዛኞቹ የመረጡት ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ሲሆን፣ በእኛ አቈጣጠር ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ያለፉትን ሰከንዶች ብቻ ይቈጥራሉ። የእጅ ስልካችን ያን የሰከንድ ክምር ወስዶ ለፈረንጁ በፈረንጅ ወር፣ ለእኛ ጳጉሜን ባለችበት በዐሥራ ሦስት ወር እየመነዘረ ያሳየዋል። ቁጥሩ አንድ ሆኖ ሳለ አቈጣጠሩ ልዩ ልዩ መሆኑ፣ ማሽኑ ለየትኛውም ሕዝብ ልማድ የማይወግን መሆኑን ያሳያል፤ የሚወግነው ፕሮግራሙን የጻፈው ነው። የኢትዮጵያን ዘመን የሚያወጣ ፕሮግራም ሊኖር የቻለው አንድ ሰው ተቀምጦ ስለ ጻፈው ነው።

ምሳሌ ሲበዛ ደንብ ሲሆን

እስከ አሁን የተናገርነው ሰው ደንቡን አስቀድሞ ስለሚጽፍበት ኮምፒዩተር ነው። በቅርብ ዓመታት ሰው ሠራሽ አስተውሎት እየተባለ የሚወደሰው ግን መንገዱ ትንሽ ይለያል። በእርሱ ዘንድ የመልሱን ደንብ በቀጥታ የሚጽፍ ሰው የለም፤ ለማሽኑ እጅግ ብዙ ምሳሌ ይሰጠዋል፤ እርሱም በውስጡ ያሉትን በሚሊዮንና በቢሊዮን የሚቈጠሩ ቁጥሮች ጥቂት በጥቂት እያስተካከለ፣ መልሱ ከምሳሌዎቹ ጋር እስኪቀራረብ ድረስ ይለማመዳል። ጽሑፍ የሚያዘጋጀው ማሽን ከዚህ ቃል ቀጥሎ የትኛው ቃል ይመጣ ይሆን እያለ የሚገምተው፣ አስቀድሞ ካየው የጽሑፍ ክምር ተነሥቶ ነው። ይህም ቢሆን ስሌት ነው፤ በማብሪያዎቹ ውስጥ የሚያልፈው ያው ማባዛትና መደመር ነው።

ከዚህ የሚከተለው ለእኛ ከባድ ነገር ነው። ማሽኑ የሚማረው ካገኘው ጽሑፍ ስለሆነ፣ ብዙ የተጻፈለትን ቋንቋ በደንብ ይማራል፤ ጥቂት የተጻፈለትን ያበላሻል። ጉግል የአማርኛን ትርጉም በ2016 እ.ኤ.አ. ከጀመረ ወዲህ የተጠቀመበት ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ቀላሉን ዐረፍተ ነገር በደህና ሲያደርስ፣ ቅኔ አዘልና ሰም ለበስ የሆነውን ግን ወርቁን ጥሎ ሰሙን ይዞ ይመጣል። ምክንያቱ አማርኛ ለማሽን የማይመች ቋንቋ መሆኑ አይደለም፤ ጽሑፎቻችን ገና በብራናና በወረቀት ላይ መሆናቸው፣ ወደ ቁጥር የተለወጡትም ጥቂት መሆናቸው ነው። ማሽኑ በስሕተት ቢመልስም አያፍርም፤ ትክክልና ስሕተት በእርሱ ዘንድ እኩል የቁጥር ውጤቶች ናቸውና በአንድ ድምፅና በአንድ ድፍረት ይናገራል።

ስለዚህ ኮምፒዩተር ሲመልስልን የምንጠይቃቸው ሁለት ጥያቄዎች አሉ፤ ደንቡን ማን ደነገገው? የገባውስ ቁጥር ከወዴት መጣ? የባንኩ ማሽን አንድን ሰው ብድር ሲከለክለው፣ የትምህርት ቤቱ ፕሮግራም የአንዱን ልጅ ውጤት ሲያዛባ፣ ሳተላይቱ አንድን ኮረብታ ለምልሟል ሲል፣ «ኮምፒዩተሩ ነው ያለው» የሚለው ቃል መልስ ሊሆን አይገባም፤ ኮምፒዩተር የታዘዘውን አለ እንጂ ከራሱ ያለው ነገር የለም። ጥፋት ቢገኝ ጥፋተኛው ከደንቡ ጸሐፊና ከቁጥሩ አቀባይ መካከል ይፈለጋል፤ ምስጋናም ቢሆን ለእነርሱ ይገባል።

በየካ ምድር፣ መምህራንን በማሠልጠን የኖረው የኮተቤ ዩኒቨርሲቲ ሲኖር፣ በእንጦጦ ላይም የሰማይን ቁጥር የሚያነብ ጣቢያ ተሠርቶ ሳለ፣ ልጆቻችን የሌላው ዓለም ሰው በጻፈው ደንብ ብቻ የሚታዘዙ ተጠቃሚዎች ሆነው ቢቀሩ ምክንያቱ የማሽን እጦት አይሆንም። ስልኩ በሁሉ እጅ አለ። የሚያስፈልገው አንድ ልጅ ገና በትንሽ ክፍል ሳለ፣ ቁጥር ከመቀበል ይልቅ የቁጥርን ሕግ መጻፍ እንዲማር ማድረግ ነው፤ ለዚህ ደግሞ መምህሩ የባሕር ማዶ ምሳሌ እስኪመጣለት መጠበቅ የለበትም። ዓመተ ዓለሙን በ19 አካፍሎ መደቡን እንዲያወጣ፣ መጥቅዑ ከ14 በላይ ሲሆንና ሲያንስ መንገዱን እንዲለይ፣ አበቅቴና መጥቅዕ 30 መምጣታቸውን እንዲመረምር የታዘዘ ተማሪ፣ ይህንኑ በኮምፒዩተር ቋንቋ ቢጽፈው ከሃያ መስመር አይበልጥም። ያን ጽፎ የመጪውን ዓመት ፋሲካ ካወጣና በካህኑ መዝገብ ካመሳከረ በኋላ፣ ማሽኑ የእርሱ አገልጋይ እንጂ ጌታው እንዳልሆነ ማንም ሳይነግረው ያውቃል።